የተማሪው መድረክና የቤተ መዘክሩ ግቢ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ከሙግራን ብዙም ሳይርቅ፣ በወንዙ ዳር በተዘረጋው ጎዳና ላይ የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ካርቱም ውስጥ ለኖረ ሁሉ የታወቀ ስፍራ ነው። በግቢው የአትክልት ስፍራ ከሩቅ ተነቅለው የመጡ ጥንታውያን ቤተ መቅደሶች ቆመዋል። የአስዋን ታላቁ ግድብ ውኃ ኑቢያን ሊያጥለቀልቅ በተቃረበ ጊዜ፣ በ1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዩኔስኮ ለዓለም ጥሪ አቀረበ። ከዚያም በጀርመናዊው አርክቴክት በፍሪድሪሽ ሂንክል መሪነት የቡሄን፣ የሰምናና የኩማ ቤተ መቅደሶች ድንጋያቸው አንድ በአንድ ተነሥቶ ወደ ካርቱም ተጓዘና እንደገና ተገጣጠመ። በመካከላቸው ዓባይን እንዲመስል የተቆፈረ ረጅም የውኃ ገንዳ አለ። ቤተ መዘክሩ በ1971 ተከፈተ።

በዚህ ግቢ የሚዘዋወር ተማሪ ሳያውቀው በመድረክ ላይ እየሄደ ነው። የቡሄኑን ቤተ መቅደስ ያሠራችው ንግሥት ሐትሼፕሱት፣ የሰምናውን ያሠራው ቱትሞስ 3ኛ፣ ሕንፃዎቹን ጸጥ ብለው እንዲታዩ አላሠሯቸውም። በጥንቱ ቤተ መቅደስ ካህናት በሰልፍ ይዞሩ ነበር፤ ይዘመር ነበር፤ ጸናጽል ይንሿሿ ነበር። በቅዳሴና በማኅሌት ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መቋሚያውን ተደግፎ ጸናጽል የሚያንሿሿ ደብተራ ያየ ልጅ፣ የቡሄንን ግድግዳ ከማንም ይልቅ ቶሎ ሊያነበው ይችላል። ነገር ግን ድንጋዩ ብቻውን ድምፅ አያሰማም፤ የሚያሰማለት ሰው ይፈልጋል።

ለተማሪ ታሪክን በትርኢት የማሳየት ሐሳብ ለሱዳን ከውጭ በቅርቡ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። የሱዳን ዘመናዊ ቴአትር ራሱ ከትምህርት ቤት የወጣ ነው። የቴአትሩን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አጀማመሩን ሲፈልጉ የሚያመሩት ወደ ካርቱም ሳይሆን በጥቁር ዓባይ ዳር ወደምትገኘው ወደ ሩፋዓ ከተማ ነው። በዚያ መምህሩ ሼኽ ባቢከር በድሪ በ1903 ተማሪዎቻቸውን ለትርኢት አሰልፈው ነበር። እኚህ ሰው በ1907 በዚያችው ከተማ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በመክፈት ይበልጥ ይታወቃሉ። ሆኖም ልጅ በሰው ፊት ቆሞ እንዲናገር መፍቀዳቸው ከዚያ ያነሰ ድፍረት አልነበረም።

በካርቱም ደግሞ በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ አለ፤ ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ብሔራዊው ቤተ መዘክር የራሱን ሕንፃ ከማግኘቱ በፊት ከየቁፋሮው የሚመጡት ቅርሶች የተጠራቀሙት በዚሁ ኮሌጅ ውስጥ ነበር። የኮሌጁ ተማሪዎችም ተውኔት ይለማመዱ ነበር፤ ከተመረቁ በኋላ በኦምዱርማን በ1918 በተቋቋመው የምሩቃን ክበብ መድረኩን ቀጠሉበት። የተማሪው ትርኢትና የጥንቱ ቅርስ በአንድ ወቅት በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ ማለት ነው። ማንም አስቦ ያገናኛቸው አይመስልም፤ ጎረቤታሞች ብቻ ነበሩ።

በ1930ዎቹ ነገሩ እየጠነከረ ሄደ። መምህሩ ኻሊድ አቡ አር-ሩስ ከምሥራቅ ሱዳን የፍቅር ተረት የተወሰደውን የታጁጅን ታሪክ በተውኔት ጻፈ፤ መድረኩም ከግብፅና ከአውሮፓ ትርጉም ወደ አገሬው ታሪክ ዞረ። በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር፣ በአድ-ዱዌም አጠገብ፣ የበኽት አር-ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በዚያ ቴአትር ከሥልጠናው ጋር አብሮ ይሄድ ስለነበር፣ ከዚያ የወጣው መምህር ወደየገጠሩ ሲበተን ጠመኔና መጽሐፍ ብቻ አልያዘም፤ ትርኢት የማዘጋጀት ልማድም ይዞ ሄደ።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባም የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔት ታይቶ ቴአትር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከታገደ በኋላ፣ መድረኩን ያነሣሡት የምኒልክና የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ነበሩ። ከመምህራኑ መካከል የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ከሁሉ ጎልቶ ይታያል። ግጥሙን ይጽፋል፤ ዜማውን ያስጠናል፤ ልጆቹን በመድረክ ያቆማል። በ1930 ለዘውድ በዓሉ የተዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሰውም እሱ ነው፤ ዜማው የአርመናዊው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው።

ለካርቱም ነዋሪ የዮፍታሔ ታሪክ የሚጠጋው ከዚህ በኋላ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደደ። «አፋጀሽኝ» የተባለው ተውኔቱ የዚህ የስደት ዘመን ፍሬ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ካርቱም ገብተው እስከ 1941 መባቻ ሲቆዩ፣ በከተማዋ የነበሩት ስደተኞች አገራቸውን ከሚያስታውሱበት መንገድ አንዱ ግጥምና ዜማ ነበር። ቤተ መዘክርም ሆነ መዝገብ ቤት ያልነበረው ስደተኛ ታሪኩን የሚያስቀምጥበት ሌላ ዕቃ አልነበረውም። ዮፍታሔ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1947 ዐረፈ።

ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ እያንዳንዱ ጥበብ የየራሱን ቤት አገኘ። የሕዝቦች ባህል ቤተ መዘክር በ1956 በካርቱም፣ ብሔራዊው ቴአትር በ1959 በኦምዱርማን፣ የሙዚቃና የድራማ ተቋም በ1969፣ ብሔራዊው ቤተ መዘክር በ1971 ተከፈቱ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ዋጋም ነበረው። ቁሱ በመስተዋት ውስጥ ገባ፤ ድምፁ ወንዝ ተሻግሮ ኦምዱርማን ቀረ። ተማሪው በአንድ ቀን በአውቶቡስ መጥቶ የሚያየው ቁሱን ነው።

ለአብነት የኑቢያውን ክራር ብንወስድ፣ በሰሜኑ ቂሲር ይባላል፤ በሌላው የሱዳን ክፍል ታምቡር ይሉታል። አምስት ክር ያለው፣ ከእኛው ክራር ጋር ወንድማማች የሆነ መሣሪያ ነው። በመስተዋት ውስጥ ሲታይ ሳህን ላይ የተተከለ እንጨት ይመስላል። ያንኑ መሣሪያ አንድ አዋቂ ይዞ በሕፃናት ፊት ቢቀመጥ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝት እንዴት እንደሚቀራረብ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ልጆቹ ራሳቸው ይሰሙታል። በላይኛው ፎቅ ከፋራስ ካቴድራል ተነሥተው የመጡት የክርስቲያን ኑቢያ የግድግዳ ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው። ከ120 የሚበልጡት ሥዕሎች በካርቱምና በዋርሶ ተከፋፍለዋል። መላእክቱና ጳጳሳቱ ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ከፍተው የሚያዩበት ያ ግድግዳ በዘመኑ የዝማሬ ቤት ነበር።

ከ2018 ጀምሮ ይህን ክፍተት ለመዝጋት የሚያስችል አንድ ጥረት ታይቶ ነበር። በኦምዱርማን የሚገኘው የኸሊፋው ቤት፣ በአል-ኡበይድ ያለው የሸይካን ቤተ መዘክርና በኒያላ ያለው የዳርፉር ቤተ መዘክር በአንድ ፕሮጀክት መታደስ ጀመሩ። የፕሮጀክቱ ዓላማ ቤተ መዘክሮቹን ወደ አካባቢው ሕዝብ ማቅረብ ነበር። የኸሊፋው ቤት በ1928 ቤተ መዘክር የሆነ፣ ሰፋፊ አደባባዮች ያሉት የጭቃና የጡብ ግቢ ነው። ለልጆች ትርኢት ከዚህ የተሻለ ስፍራ በከተማዋ ማግኘት ያስቸግራል።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ፈነዳ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ተማሪውም መምህሩም ተዋናዩም ተሰደዱ፤ ከእነርሱም ጋር ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ለሁለተኛ ጊዜ መንገድ ገቡ። በ2024 ዩኔስኮ ስለ ብሔራዊው ቤተ መዘክር ዘረፋ የደረሰውን ወሬ በስጋት ገለጠ። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ሠራዊት አካባቢውን መልሶ ሲይዝ ክፍሎቹ ተዘርፈው፣ መስተዋቶቹ ተሰባብረው ተገኙ። ወርቁ፣ ትንንሹ ሐውልት፣ በእጅ ሊነሣ የሚችለው ሁሉ ተወስዶ ነበር።

ሊነሣ ያልቻለው ቀረ። በአዳራሹ መግቢያ የንጉሥ ታሃርቃ ታላቅ የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ቆሞ ተገኘ፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ቲርሐቅ የተባለው የኢትዮጵያ ንጉሥ ይኸው ነው። የውጭዎቹ ቤተ መቅደሶችም በገንዳው ዙሪያ በየቦታቸው ነበሩ። ታምቡሩን የሚሠራው ሰው ደግሞ ወደ ሄደበት ሁሉ አንድ ሳህን፣ ሦስት እንጨት፣ ቁራጭ ቆዳና አምስት ክር ይበቃዋል።