ሮይ ፍራንሲስ

ሮይ ፍራንሲስ (1919 – 1989 እ.ኤ.አ.) የዌልስ ተወላጅ የራግቢ ሊግ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር። ለታላቋ ብሪታንያ ብሔራዊ ቡድን በራግቢ ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። በብሪታንያ አንድን የፕሮፌሽናል ስፖርት ቡድን ያሠለጠነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እንደ ሆነም ይጠቀሳል። በተጫዋችነት ዘመኑ በ356 ጨዋታዎች 229 ትራይ አስቆጥሯል። ዛሬ ስሙ የሚነሣው ግን ይበልጥ በአሠልጣኝነቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጨዋታው

ራግቢ ሊግ በእያንዳንዱ ወገን 13 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት የራግቢ ዓይነት ነው። በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ከነባሩ የራግቢ ማኅበር ተገንጥለው መሠረቱት። የጠባቸው መነሻ ገንዘብ ነበር፤ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩት ተጫዋቾች ለጨዋታ ብለው ከሥራ ሲቀሩ ለሚያጡት ደመወዝ ካሣ ሊከፈላቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። በነባሩ ማኅበር ሥር የቀረው ጨዋታ በኋላ ራግቢ ዩኒየን ተባለ፤ 15 ተጫዋቾች ያሉት ሲሆን እስከ 1995 ድረስ ክፍያን በይፋ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ከዌልስ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ ለሊግ ክለብ የፈረመ ወጣት ወደ ዩኒየን መመለስ አይችልም ነበር። በሁለቱም ጨዋታዎች ትራይ የሚባለው ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው።

ልጅነትና የተጫዋችነት ዘመን

ፍራንሲስ በካርዲፍ ተወልዶ በደቡብ ዌልስ የማዕድን አካባቢ በምትገኘው ብሪንማር በአሳዳጊ ቤተሰብ እጅ አደገ። ራግቢ ዩኒየንን የተማረው እዚያው ነው። በ1936፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ለታዋቂው የዊጋን ክለብ ፈርሞ ወደ ሰሜን ሄደ። በክንፍ በኩል የሚሮጥ ፈጣን ተጫዋች ነበር።

በዊጋን ብዙ አልቆየም። አውስትራሊያዊው ሃሪ ሰንደርላንድ የክለቡን አመራር ከያዘ በኋላ ፍራንሲስ ቦታ አጣ፤ በ1939 መጀመሪያ ላይም የመርከብ ሠሪዎች ከተማ ወደ ሆነችው ባሮው ተዛወረ። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ተነሣ። ፍራንሲስ በሠራዊቱ ውስጥ የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪ ሆኖ የሳጅን ማዕረግ ደረሰ። በጦርነቱ ጊዜ በእንግድነት ለዱስበሪ ተጫውቷል፤ የዱስበሪ ሥራ አስኪያጅ ያን ጊዜ በኋላ የቢቢሲ የራግቢ ዘጋቢ ሆኖ የታወቀው ኤዲ ዌሪንግ ነበር። ከሜዳው ጨዋታ ይልቅ የኋላ ሥራውን የቀረጸው ግን የሠራዊት ቤቱ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል፤ ሰውነት እንዴት እንደሚደክምና እንዴት እንደሚያገግም የተማረው እዚያ ነበር።

በ1946 የብሪታንያ ቡድን ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያውን የአውስትራሊያ ጉዞ አደረገ። ቡድኑ ኢንዶሚተብል በተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ተጓዘ፤ አምበሉ ሌላው የካርዲፍ ልጅ ገስ ሪስማን ነበር። ፍራንሲስ በጥሩ ብቃት ላይ ቢሆንም አልተመረጠም። በዚያን ጊዜ አውስትራሊያ ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን ከአገሯ የሚያርቅ የኢሚግሬሽን ፖሊሲ ነበራት፤ መራጮቹም አስተናጋጆቻቸውን ላለማስከፋት ሲሉ እንደ ተዉት በብዙ የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይታመናል። ጥቁር ተጫዋች ከብሪታንያ ቡድን ጋር ወደ አውስትራሊያ የተጓዘው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ቢሊ ቦስተን በተመረጠ ጊዜ ነው።

ፍራንሲስ የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ የለበሰው በታኅሣሥ 1947 በብራድፎርድ ኦድሳል ሜዳ ከኒው ዚላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። ሁለት ትራይ አስቆጠረ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ አልተጠራም። በ1948 ወደ ዋሪንግተን፣ በ1949 ደግሞ ወደ ሀል ተዛወረ።

በሀል

ሀል በምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ስትሆን በዚያን ዘመን የዓሣ አጥማጆችም ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክለቡ ፍራንሲስን ተጫዋች-አሠልጣኝ አድርጎ ሾመው። ይህ በእግር ኳስ ቶኒ ኮሊንስ ሮችዴልን ከመረከቡ (1960) ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አንድ ጥቁር ሰው ነጮችን ብቻ ያቀፈ ቡድን ሲያዝ ማየት በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር።

ያን ጊዜ የአብዛኞቹ ክለቦች ልምምድ በሜዳው ዙሪያ ከመሮጥ ብዙ አያልፍም ነበር። ፍራንሲስ ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ቦታውና እንደ ሰውነቱ ልምምድ ያወጣ ነበር። ጨዋታዎችን በፊልም አስቀርጾ ለተጫዋቾቹ ያሳያል፤ ከጨዋታ በፊት አእምሯቸውን ማዘጋጀትም ሥራው ነበር። ቤተሰብን አይረሳም፤ የተጫዋቾቹ ሚስቶች ወደ ጨዋታ የሚመጡበትን መጓጓዣ አዘጋጅቷል። ቤቱ ሰላም ያልሆነ ሰው ሜዳ ላይም ሰላም አይኖረውም ብሎ ያስብ ስለ ነበር ነው። እነዚህ ነገሮች ዛሬ በማንኛውም ትልቅ ክለብ የተለመዱ ናቸው፤ በ1950ዎቹ ግን የሚሠራባቸው እጅግ ጥቂት ነበር።

የሀል ጥንካሬ በአጥቂ መስመር ፊት በሚጋፉት ግዙፍ ተጫዋቾቹ ላይ ነበር፤ ከነዚህም ጆኒ ዋይትሊ፣ ቶሚ ሃሪስና መንትዮቹ የድሬክ ወንድማማቾች ይገኙባቸዋል። ቡድኑ በ1956 በሻምፒዮናው ፍጻሜ ሃሊፋክስን 10 ለ 9 አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ፍጻሜ በኦልድሃም 15 ለ 14 ተሸንፎ፣ በ1958 ወርኪንግተንን 20 ለ 3 በመርታት ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። ዌምብሊ ግን አልቀናውም። በቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ በ1959 በዊጋን 30 ለ 13፣ በ1960 በዌክፊልድ 38 ለ 5 ተሸነፈ።

በ1961 ሀል ክላይቭ ሱሊቫን የተባለ ሌላ የካርዲፍ ወጣት አስፈረመ። ሱሊቫን በ1972 የታላቋ ብሪታንያ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን ያነሣው ነው። ፍራንሲስ በ1963 ሲለቅ ቦታውን የተረከበው በእጁ ያደገው ዋይትሊ ነበር።

ሊድስና የ1968ቱ ፍጻሜ

በሊድስ ፍራንሲስ የተለየ ቡድን ሠራ። ጉልበትን ትቶ ፍጥነትን መረጠ፤ ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ክንፍ እንዲደርስ አደረገ። ቡድኑ በ1967 እና በ1968 የሊጉን ሰንጠረዥ በአንደኝነት ጨረሰ።

ግንቦት 1968 በዌምብሊ ከዌክፊልድ ጋር የተደረገው የቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ በራግቢ ሊግ ታሪክ በጣም ከሚነገርላቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው። ከባድ ዝናብ ሜዳውን ኩሬ አድርጎት ስለ ነበር ተጫዋቾቹ ይቆማሉ ከማለት ይንሸራተታሉ ማለት ይቀላል። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሊድስ በቤቭ ሪስማን (የገስ ሪስማን ልጅ) ቅጣት ምት 11 ለ 7 መራ። ዌክፊልድ ወዲያው ኳሱን አስጀምሮ በኬን ኸርስት ትራይ አገባ። ትራይ ያን ጊዜ ሦስት ነጥብ ነበር፤ ውጤቱ 11 ለ 10 ሆነ። ከትራይ በኋላ የሚመታው ተጨማሪ ምት ሁለት ነጥብ ስለሚያስገኝ ዋንጫው በአንድ ምት ላይ ቆመ። ኳሱ ልክ በግቡ ፊት ለፊት ተቀመጠ። መቺው ዶን ፎክስ የጨዋታው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመርጦ ነበር። እግሩ በውኃው ላይ ከዳው፤ ኳሱም ከግቡ ውጭ ወጣ። ዋንጫው የሊድስ ሆነ። ጨዋታውን በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ የነበረው የዱስበሪው ኤዲ ዌሪንግ ነው።

አውስትራሊያና የመጨረሻ ዓመታት

ከድሉ በኋላ ፍራንሲስ በተጫዋችነቱ ሊያያት ያልቻላትን አውስትራሊያ በአሠልጣኝነት ሄደባት። በ1969 እና በ1970 በሲድኒ የኖርዝ ሲድኒን ክለብ አሠለጠነ። ጊዜው መልካም አልነበረም፤ ቡድኑ ደካማ ነበር፣ በቆዳው ቀለም ምክንያትም ጥላቻ ገጥሞታል። በዚያው በ1969 ሊድስ ውስጥ ትቶት የሄደው ቡድን ሻምፒዮን ሆነ።

ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ሀልን ዳግመኛ፣ ቀጥሎም ሊድስን አሠለጠነ። በ1975 ሊድስ ሴንት ሄለንስን 26 ለ 11 አሸንፎ የመጀመሪያውን የፕሪሚየርሺፕ ዋንጫ ያገኘው በእርሱ አመራር ነው። በመጨረሻም እስከ 1977 ብራድፎርድ ኖርዘርንን ያዘ። በ1989 አረፈ።

በሕይወት ዘመኑ ሥራው በሰፊው አልተወራለትም። በ2023 በልጅነት ከተማው በብሪንማር ሐውልት ቆሞለታል።