ጋራዡ ለምን ጣሊያንኛ ያወራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከየትኛውም ጋራዥ ገብታችሁ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ጆሮ ስጡ። «ካቻቢቴውን አቀብለኝ»፣ «ካንዴላው ጠቁሯል»፣ «ፍሪሲዮኑ አልቋል»፣ «የኋላው ባሌስትራ ተሰብሯል»፣ «ኩሽኔታው ይጮኻል»። ተናጋሪው ጣሊያንን በእግር ኳስ ካልሆነ በሌላ የማያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ከአፉ የሚወጡት የሙያ ቃላት ግን አብዛኞቹ ከጣሊያን የመጡ ናቸው።

አምስት ዓመት ብቻ የቆየ ወራሪ የአንድን ሙያ አፍ እንዴት እንዲህ ሊይዝ ቻለ? የተለመደው መልስ «ጣሊያን መንገድ ሠራ፣ መኪና አመጣ» የሚል ነው። መልሱ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስንፍና ነው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ጣሊያንን አልጠበቀም። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች መኪናውን ከጅቡቲ አንስቶ አዲስ አበባ አስገብቶ ለአፄ ምኒልክ አሳይቷል። በዚያ ዘመን በትራንስፖርቱ ዓለም የሚሰማው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር የፈረንሳዮች ነበርና። «ሾፌር» እና «ለገሃር» ከፈረንሳይኛ የቀሩ ናቸው። መኪናው ግን ጥቂት ነበር፤ ባለቤቶቹም መኳንንት፣ ሌጋሲዮኖችና ሀብታም ነጋዴዎች ነበሩ። ሃያ መኪና ባለበት ከተማ ሃያ ሾፌር ይኖራል እንጂ የመካኒክ ሰፈር አይፈጠርም።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ይዞ ነበር። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ፣ ጭቃው ይዟቸው፣ ያ ሁሉ ካሚዮን ቆሞ ወታደሩ አካፋ ይዞ እንዲወርድ ተገደደ። ከዚያ በኋላ በየአቅጣጫው መንገድ ተቆፈረ፣ ካሚዮኑም በላዩ ላይ ቀን ከሌት ተመላለሰ። ካሚዮን ደግሞ ረዳት ይፈልጋል፤ ጎማ የሚፈታ፣ ዘይት የሚቀይር፣ ከሥር የሚገባ ሰው ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የፋሺስቱ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ጣሊያናዊና «የአገሬው ሰው» በአንድ ጎጆ እንዳይኖሩ ሕግ አወጣ፤ ገበያውን ሳይቀር ለያየ። ዛሬ የመኪና ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚገባ ሰው የሚረግጠው መርካቶ ስሙን ያገኘው ለአገሬው ተብሎ ከተከለለው ገበያ ነው። ካሚዮን ሥር ግን ልዩነት አይሠራም። አንዱ ብሎን ሲፈታ ሌላው መሣሪያ ማቀበል አለበት፤ የተጠራውን ዕቃ የሳተ ልጅ ይሰደባል፣ ምናልባትም ይመታል። ለትርጉም የሚሆን ጊዜ የለም። ቃሉ ከነዕቃው እጅ ላይ ይቀራል።

ይህም ቢሆን በአምስት ዓመት ሥር አይሰድም ነበር። ዋናው ነገር የተፈጸመው ከድል በኋላ ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ በጣሊያኖች ላይ በቀል እንዳይወጣ አዘዙ። እንግሊዞች ጣሊያኖቹን ጠራርገው ለማስወጣት ቢፈልጉም፣ መንግሥት ባለሙያዎቹን ማስቀረት መረጠ። ትናንት ከጦር ጋር የመጣው መካኒክ በፈቃድ የሚኖር፣ እንጀራውን ከደንበኛ የሚያገኝ ጋራዥ ከፋች ሆነ። ረዳቱም መልስ መስጠትና ደመወዝ መደራደር ይችላል፤ ሙያውን ሲጨርስ ከጎኑ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት ይችላል። ብዙዎቹም ከፈቱ። ከ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽን ጀምሮ ደግሞ ከአስመራ የመጡ መካኒኮች ተጨመሩ፤ እነሱ ይህን ቋንቋ ከአባቶቻቸው የወረሱ ነበሩ። ስለዚህ የጋራዡን ቃላት የሙሶሊኒ ስጦታ ማለት ታሪክን ማዛባት ነው። ቃላቱ የቀሩት ከድል በኋላ በነጻ አገር፣ ጎን ለጎን በተሠራ ሥራ ነው።

ቃላቱን ራሳቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። «ባሌስትራ» በጣሊያንኛ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነው፤ የካሚዮን ባሌስትራ ያየ ሰው ቅርጹን ወዲያው ያውቀዋል። «ኩሽኔታ» ትንሽ ትራስ፣ «ካንዴላ» ሻማ፣ «ማርሚታ» ድስት ነው። «ፍሬቻ» ፍላጻ ማለት ነው። በድሮ መኪና የመታጠፊያ ምልክቱ መብራት ብቻ አልነበረም፤ ከመኪናው ጎን እንደ ክንድ ብቅ የሚል ዘንግ ነበር። ዘንጉ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ አለ። «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው ስመ ጥር የጭነት መኪና ደግሞ ስሙ ሠላሳ አራት ማለት ነው፤ ከፊያት 634 የመጨረሻ ሁለት አሃዞች የተወሰደ።

መንግሥት ቤትም አላመለጠም። ወረቀቱ «የሰሌዳ ቁጥር» ቢልም ትራፊኩ «ታርጋ» ነው የሚለው፤ «ቦሎ» ያላሳደሰ ይቀጣል፤ መኪና ሲሸጥ «ሊብሬ» ይጠየቃል። የማሽከርከር ማሠልጠኛው «ክላች» ብሎ ያስተምራል፤ ተማሪው ፈቃዱን ተቀብሎ መኪናው የተበላሸበት ዕለት «ፍሪሲዮን» ማለት ይማራል።

አሁን ግን ይህ ቋንቋ ከሥሩ እየተነቀነቀ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር አንገት ላይ ለደረሰበት አገር ውሳኔው ምክንያት አለው፤ በጭፍን የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። የባትሪ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም፣ የቤንዚን ሰልባቲዮ የለውም፤ ካምቢዮውም እንደ ድሮው የሚቀያየር ማርሽ የለውም። አንድ የጋራዥ ልጅ በአሥር ዓመት የተማረው ሙያ ግማሹ ኮፈኑ ሲከፈት አይገኝም። የሚያገኘው ብርቱካናማ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ሳያውቅ ቢነካው ይገድለዋል። ከውስጥ ያለው ስክሪን ብዙ ጊዜ በቻይንኛ ነው የሚናገረው፤ መኪናው የተሠራው ለዚያው አገር ገበያ ነበርና።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያኛው መኪና ሲገባ ክፉም ይሁን ደግ፣ «አቀብለኝ» የሚል ሰው አብሮት ገብቷል። ይሄኛው በኮንቴይነር ብቻውን መጣ። አስመጪው ቁልፍ ያስረክባል፣ የሚያስተምር ሰው ግን አላመጣም። መኪናውን ለማስገባት ፈቃድ የሚሰጠው አካል፣ ጥቂት መካኒኮችን ለማሠልጠን አስመጪውን ቢያስገድድ ኖሮ አዲሱ ቃል ሁሉ ከየጋራዡ በተወለደ ነበር፤ ምናልባትም በአማርኛ።

በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ዲኤክሶች ገና ለዓመታት ስለሚነዱ ካንዴላም ፍሪሲዮንም ነገ ጠዋት አይጠፉም። ከሁሉም ያልደነገጠው ጎሚስታው ነው። የባትሪ መኪና ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል።