የኒው ኢንግላንድ ትናንሽ የስኪ ኮረብቶች አነሣስና አወዳደቅ

ስኪ ማለት ረጃጅም ጠባብ ሳንቃዎችን ከጫማ ጋር አያይዞ በበረዶ በተሸፈነ ቁልቁለት ላይ መንሸራተት ነው። በኢትዮጵያ በረዶ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው በክረምት ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠር መሳይ ነገር ስለሆነ፣ እዚህ የሚነገርለት በረዶ ሌላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በብርድ ወራት እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ ወርዶ፣ ብርዱ ከጸና ምድርን ለሳምንታት አልብሶ የሚቆየው ነው።

ቁልቁል መውረዱ የምድር ስበት ሥራ ስለሆነ የመሐንዲስን እርዳታ አይሻም። የመሐንዲስ ችግር የወረደውን ሰው መልሶ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ከዚህም የተነሣ የስኪ ኮረብቶች ታሪክ በአብዛኛው የማንሻ መሣሪያዎች ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በረዶ በሚያንስበት አገር ግን ይህ ታሪክ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ መሣሪያው እንደ ታሰበው እየሠራ ሳለ የቆመበት የተፈጥሮ ሁኔታ ቢጠፋስ?

ለዚህ ጥያቄ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘው የኒው ኢንግላንድ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከስድስቱ ስቴቶች መካከል በስተሰሜን ያሉት ሜይን፣ ኒው ሃምፕሻየርና ቨርሞንት ከፍተኛ ተራሮችና ብዙ በረዶ አሏቸው። ማሳቹሴትስ፣ ኮኔቲከትና ሮድ አይላንድ ግን ዝቅ ያሉና ወደ ባሕር የቀረቡ ስለሆኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ በረዶውም ዝናቡም ይፈራረቅባቸዋል። ታሪካቸውን የሚያጠኑ ሰዎች በመዘገቡት መሠረት፣ በመላው ኒው ኢንግላንድ ሥራቸውን ያቆሙ የስኪ ቦታዎች ከ600 በላይ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎታች ገመድ

የመጀመሪያው የስኪ ማንሻ የተሠራው በጀርመን አገር ነው። በሽቫርትስቫልድ ተራሮች፣ ሾላህ በምትባል መንደር የእንግዳ ማረፊያ የነበረው ሮበርት ቪንተርሃልደር በ1908 በወፍጮው የውሃ ኃይል የሚንቀሳቀስ ገመድ ዘርግቶ እንግዶቹን ወደ ኮረብታው አናት ያስጎትት ጀመር። በአሜሪካ ጎታች ገመድ መጀመሪያ የታየው በጃንዋሪ 1934 በቨርሞንት፣ በዉድስቶክ ከተማ አጠገብ በአንድ ገበሬ የግጦሽ መሬት ላይ ነው። ኃይሉን የሰጠው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ሞተር ነበር። ጫፍና ጫፉ የተገጣጠመ ወፍራም ገመድ በመዘውሮች ላይ ይዞራል፤ ተጫዋቹም ገመዱን በእጁ ጨብጦ ሽቅብ ይጎተታል።

ሐሳቡ ፈጥኖ ተስፋፋ። ከ1931 ጀምሮ ከቦስተን ስኪ ተጫዋቾችን ወደ ሰሜን የሚያመላልስ ባቡር ስለነበረ ደንበኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በማሳቹሴትስ፣ በፒትስፊልድ ከተማ፣ ክላረንስ ቡስኬ በ1935 በኮረብታው ላይ ጎታች ገመድ ተከለ። እርጥቡ ገመድ ጓንት እየበላ እጅ ያደክም ስለነበር፣ ከወገብ ቀበቶ ጋር ተያይዞ ገመዱን የሚጨብጥ የብረት መያዣም ፈለሰፈ። በዚያው ከተማ ፋብሪካ የነበረው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለሙያዎች ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ኮረብታውን በሌሊት እንዲያበሩት ረዱት።

የጎታች ገመድ ትልቁ ጥቅም ርካሽነቱ ነበር። መሬቱ በበጎ ፈቃድ ወይም በጥቂት ኪራይ የተገኘ ግጦሽ፣ ሞተሩ ከአሮጌ መኪና የተፈታ፣ መዘውሩ የመኪና ጎማ ቸርኬ፣ ሠራተኞቹም የከተማው ክበብ አባላትና የልጆቹ አባቶች ነበሩ። በረዶ ያልወረደበት ዓመት ቢመጣ ሞተሩ በጎተራ ውስጥ ተሸፍኖ ይከርማል እንጂ በባለቤቱ ላይ ዕዳ አይወድቅም። መሣሪያው የአየሩን ጠባይ ለማሸነፍ አልሞከረም፤ ከእርሱ ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር።

ተንጠልጣይ ወንበር

በ1936 በምዕራባዊው የአይዳሆ ስቴት፣ ሰን ቫሊ በተባለው ቦታ የመጀመሪያው ተንጠልጣይ ወንበር ተተከለ። ቦታውን ያሠራው የዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ሲሆን፣ መሣሪያውን የነደፈው የኩባንያው መሐንዲስ ጀምስ ከራን ነው። ከራን የሙዝ ዘለላዎችን ወደ መርከብ የሚያጓጉዘውን ተንጠልጣይ መሣሪያ ቀድሞ ያውቅ ስለነበር፣ በሙዝ መንጠቆው ፈንታ ወንበር ቢሰቀልበትስ ብሎ አሰበ። ወንበሩ የቆመን ሰው ሳይጥል በምን ፍጥነት ሊያነሣው እንደሚችል ለማወቅ፣ በኦማሃ ከተማ ወንበር በካሚዮን ጎን ላይ ተሰቅሎ ተሞከረ። የፈጠራ መብቱ በ1939 ተሰጠ።

መሣሪያው ወደ ኒው ኢንግላንድ ለመግባት አልዘገየም። በኒው ሃምፕሻየር በቤልክናፕ ተራራ ላይ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ፣ በቨርሞንት በማንስፊልድ ተራራ ላይ በ1940 ተተከለ። ከጦርነቱ በኋላም በደቡብ ያሉት ዝቅተኛ ኮረብቶች ሳይቀሩ ተንጠልጣይ ወንበር ይተክሉ ጀመር። ለተጫዋቹ ዕረፍትና ምቾት ሆነለት። ለባለቤቱ ግን የኮንክሪት መሠረት፣ የብረት ምሰሶዎች፣ የሽቦ ገመድ፣ ፍሬን፣ የማያቋርጥ ምርመራና ከሁሉ በላይ የባንክ ብድር ማለት ነበር። በረዶ ወረደም አልወረደም የብድሩ ወለድ ይከፈላል። ኮረብታው ከአየሩ ጋር የነበረው ስምምነት በዚህ ጊዜ ፈረሰ።

በረዶን መሥራት

የ1949–50 የብርድ ወራት በኒው ኢንግላንድ በረዶ ያነሰበት ነበር። በኮኔቲከት የሞሃውክ ተራራ ስኪ ቦታ ባለቤት ዋልተር ሾንክኔክት በረዶ ቢያጣ ከፋብሪካ በመቶዎች ቶን የሚቆጠር የረጋ በረዶ በካሚዮን አስመጥቶ፣ አስፈጭቶ በቁልቁለቱ ላይ በተነ። በዚያው ስቴት በሚልፎርድ ከተማ ስኪ የሚሠራው የቴይ ኩባንያ ባልደረቦች ዌን ፒርስ፣ አርት ሃንትና ዴቭ ሪቺ ደግሞ በረዶ ስለ ጠፋ የሚገዛቸው አጡ። በማርች 1950 የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰርን፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማንና አፍንጫ መሰል መርጫን አገጣጥመው ውሃን ከታመቀ አየር ጋር ወደ ቀዝቃዛው ሌሊት ረጩ፤ ውሃውም በረዶ ሆኖ ወረደ። የፈጠራ መብታቸውን ያገኙት በ1954 ነው።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። አንድ ኪሎግራም ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሲረጋ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይለቃል፤ ይህን ሙቀት የሚቀበለው በዙሪያው ያለው አየር ነው። ስለዚህ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ መሆን አለበት። በእርጥብ ቴርሞሜትር ሲለካ ወደ 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች ካልደረሰ ሥራው አይቃናም። የውሃው ፍላጎትም የዋዛ አይደለም። በአንድ ሄክታር ላይ 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ለማንጠፍ፣ የበረዶው እፍጋት በሜትር ኩብ 450 ኪሎግራም ቢሆን፣ 1,350 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል። ዝናብ መጥቶ ሲያጥበው እንደገና ይህንኑ ያህል ይጠየቃል። እንግዲህ ኩሬ፣ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ኮምፕሬሰርና የኤሌክትሪክ ኃይል በአንድነት ይመጣሉ። ከቅዝቃዜው እጥረት የተወለደው መድኃኒት ራሱ ቅዝቃዜን የሚሻ ሆነ።

የመዘጋቱ ምክንያቶች

ትናንሾቹ ኮረብቶች በአንድ ምት አልወደቁም። በመጀመሪያ አዲሶቹ አውራ ጎዳናዎች የቦስተንንና የሃርትፎርድን ሰው በጥቂት ሰዓት ወደ ቨርሞንትና ኒው ሃምፕሻየር ትላልቅ ተራሮች አደረሱት። ቀጥሎ የ1973–74 የነዳጅ ችግር መጣ። በ1977 በቨርሞንት የስትራተን ስኪ ቦታ ለተጎዳ ሰው 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በዳኝነት ከተወሰነበት በኋላ፣ የኢንሹራንስ ዋጋ ለአነስተኛ ባለቤቶች ከባድ ሸክም ሆነ። የ1979–80 የብርድ ወራት ደግሞ እጅግ በረዶ ያጡ ስለነበሩ፣ በኒው ዮርክ ስቴት በሌክ ፕላሲድ የተደረገው ኦሊምፒክ በሰው ሠራሽ በረዶ ለመጠቀም የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያም በኋላ በአካባቢው የብርድ ወራት ከሌሎቹ ወቅቶች ይልቅ ፈጥነው መሞቃቸው በመለኪያ ተረጋግጧል።

ሰው ሠራሽ በረዶ መኖሩ ብቻውን አላዳነም። በሆልዮክ ከተማ የነበረው የማውንት ቶም ስኪ ቦታ መብራትም፣ የበረዶ መሥሪያም፣ ለሙቀት ወራት የሚሆን ሰው ሠራሽ ማዕበል ያለው መዋኛም ነበረው። ሆኖም በ1998 ተዘጋ። በ1964 የተከፈተው የብሮዲ ተራራ በ1999 ለጎረቤቱ ለጂሚኒ ፒክ ባለቤቶች ተሸጦ በ2002 ስኪው ቆመ። ጂሚኒ ፒክ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። በ2007 የ1.5 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተክሎ ከኤሌክትሪክ ወጪው ከፊሉን ስላቃለለ፣ ቋሚውን ወጪ ለመሸከም የሚችል ሆኖ ቆይቷል። በብሮዲም ጀርባ ላይ በ2011 አሥር የነፋስ ማመንጫዎች ሥራ ጀመሩ፤ በረዶ የነፈገው ተራራ ነፋስ አልነፈገም።

የጠፋውና የቀረው

ከታሪኩ እንደምንረዳው መሣሪያዎቹ በሥራቸው አልከሸፉም። እያንዳንዱ ማሻሻያ ያለበትን ችግር በሚገባ ፈትቷል። ነገር ግን እያንዳንዱ አንድ ኮረብታ በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልገውን ትንሹን መጠን ከፍ አደረገው፤ ከመጠኑ በታች የቀሩት ወደቁ። አብሮ የጠፋውም ቀላል አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በጥቂት ሳንቲም ስኪ የሚማርበት፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሞተር የሚያስነሣበት ቦታ ከብዙ ከተሞች ተለይቷል። በትልቁ ተራራ የሚከፈለውን ዋጋ ያ ልጅ አይችለውም።

የቀረው ብረቱ ነው። ግጦሽ የነበረው ቁልቁለት በጥቂት አሥርተ ዓመታት ደን ሲለብስ፣ በብዙ ቦታ የኮንክሪት መሠረቶች፣ የዛጉ ምሰሶዎችና ትልልቅ መዘውሮች በዛፎች መካከል ቆመው ቀርተዋል። ለመትከል ገንዘብ የተገኘውን ያህል ለማፍረስ ያሰበ አልነበረም። አንድ ሥራ ሲነደፍ የብረቱ ጥንካሬ እንደሚሰላ ሁሉ፣ ሥራው የተደገፈበት የተፈጥሮ ሁኔታ ምን ያህል እንደሚጸና፣ ክፉ ዓመታት ሲደራረቡም ወጪውን ማን እንደሚሸከም፣ በመጨረሻም ማን እንደሚነቅለው በዚያው ሰነድ ላይ አብሮ ሊሰላ ይገባል። በኒው ኢንግላንድ ደኖች ውስጥ የቆሙት ምሰሶዎች ይህ ስሌት የተዘለለባቸው ሥራዎች ምስክሮች ናቸው።