ተቀጥቶ የወጣ ሰው ሥራ ሲጠይቅ

የዛሬው ርዕሳችን በብዙ ቤት በሹክሹክታ የሚነሳ ጥያቄ ነው። እስራቱን ጨርሶ የወጣ ወንድም ሥራ ሲያመለክት ያለፈውን መናገር አለበትን? እንደ ገዘር ባለች፣ ሁሉም የሁሉንም ቤት በሚያውቅባት የአሪ ከተማ ጥያቄው የሚነሳ አይመስልም፤ የሚደበቅ ነገር የለማ! ያው ወጣት ግን ጂንካ ወይም አርባ ምንጭ ሄዶ ለጥበቃ ወይም ለገንዘብ ያዥነት ሲያመለክት፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀትና ተያዥ ይጠየቃል። ጭንቁ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ጉዳዩ በኢስላም ታሪክ አዲስ አይደለም። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን፣ በሂጅራ 17ኛው ዓመት ገደማ፣ ሰሓባው አቡ በክራ (ረ.ዐ) ከሌሎች ጋር ሆነው በበስራው አገረ ገዥ በሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) ላይ የዝሙት ምስክርነት ሰጡ። አራተኛው ምስክር በእርግጠኝነት ሊናገር ስላልቻለ ምስክርነቱ ሳይሟላ ቀረ። ዑመርም በሱረቱ-ን-ኑር ድንጋጌ መሠረት ሦስቱን አስገረፉ። (ከሰሓቦቹ ማን ልክ ነበር የሚለውን እዚህ አንከፍትም፤ የእኛ ድርሻም አይደለም።)

ለእኛ ትምህርት ያለው ከግርፋቱ በኋላ የሆነው ነው። ዑመር፣ ከንግግሩ ለተመለሰ ምስክርነቱን እንደሚቀበሉ አስታወቁ። ሺብል ኢብኑ መዕበድና ናፊዕ ተመለሱ። አቡ በክራ ግን በቃላቸው ጸኑ፤ በችሎትም ምስክርነታቸው ተቀባይነት አጣ። ሐዲሥ ሲያወሩስ? ማንም አልመለሳቸውም። ኢማሙ ቡኻሪ የግርፋቱን ወሬ በምስክርነት ኪታብ አስፍረው፣ በዚያው ሶሒሓቸው የአቡ በክራን ሐዲሦች ዘግበዋል። ቅጣቱ የዘጋው አንድ በር ብቻ ነበር፤ ሌላው በር ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ሻፊዒዮችና ሐነፊዮች በስም ማጥፋት የተገረፈ ሰው ቶብቶ ምስክርነቱ ይመለሳል አይመለስም በሚለው ይለያያሉ፤ ሻፊዒዮች ይመለሳል ይላሉ። ጭቅጭቁ ግን ስለ ምስክርነት እንጂ ሰውየው ሠርቶ ይብላ አይብላ ስለሚለው አልነበረም።

በመካ መከፈት ዘመን የሰረቀችውን የመኽዙም ሴት ታሪክ ብዙዎቻችን እጇ እስከተቆረጠበት ድረስ እናውቀዋለን። ቀሪውን የነገሩን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናቸው። ሴትዮዋ ተውበቷ አመረ፤ አገባች፤ ጉዳይ ሲኖራት ወደ ዓኢሻ ትመጣ ነበር፤ እርሳቸውም ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያደርሱላት ነበር።

እንግዲህ ወንድማችን ሳይጠየቅ ገበናውን ይዘርዝር አንልም፤ አላህ የሸፈነውን ራስ መግለጥን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነቅፈዋል። በግልጽ ሲጠየቅ መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው። የሐሰት ወረቀት መግዛትማ ለአሮጌው ወንጀል አዲስ ወንጀል መጨመር ነው። ተከሶ ነፃ የወጣና ተፈርዶበት የታሰረ ሰው አንድ እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት፤ ጥያቄው ስለ ፍርድ ከሆነ መልሱም ስለ ፍርድ ይሁን። አመልካቹ የሰው ገንዘብ አጉድሎ ታስሮ ከሆነና አሁን የጠየቀው የገንዘብ ያዥነት ሥራ ከሆነ፣ ያለፈው ለሥራው ስለሚመለከት መናገሩ ይገባል። በጠብ የታሰረ አናጢ ግን አናጢነቱን ምን ነካው? በተለይ ተያዥ ሆኖ የሚፈርመው አጎት ወይም ጎረቤት በንብረቱ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ከቀጣሪውም በፊት እውነቱን ማወቅ ያለበት እርሱ ነው።

የአገራችን ሕግም ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው መንገድ አለው፤ «መሰየም» ይባላል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይዞት ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 232 አንስቶ ይደነግገዋል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ቅጣቱን ከጨረሰ 5 ዓመት፣ በሌላው ጉዳይ ደግሞ 2 ዓመት ካለፈ፣ በመልካም ጠባይ ከቆየ፣ የተፈረደበትንም ካሣ በአቅሙ ከከፈለ፣ ፍርድ ቤት እንዲሰይመው ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በአሮጌው ፍርድ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል፤ «የተናገርኩት እኮ እውነት ነው» ብሎም አያመልጥም። እንዲህ የተሰየመ ወንድም «በመዝገብ ያለ ፍርድ የለብኝም» ቢል እንደ ዋሸ አንቆጥረውም።

ችግሩ ያሉት እነዚያ የመጠበቂያ 2 ወይም 5 ዓመታት ላይ ነው። በመልካም ጠባይ ቆይ የተባለው ሰው በልቶ መቆየት አለበትና፣ ሱቅ ወይም ወፍጮ ያላችሁ፣ ግንባታ የጀመራችሁ ወንድሞች በእነዚህ ዓመታት ብትቀጥሩት የመልካም ጠባዩ ምስክር እናንተው ትሆናላችሁ። ቤተሰቡም ከማረሚያ ቤት የወጣበትን ወረቀትና ካሣ የከፈለበትን ደረሰኝ አይጣል፤ ማመልከቻው በሚቀርብበት ቀን ይፈለጋሉ።