የሐኪም ቤት ካርድ ታሪክና የስማችን ነገር



በዕድራችን መዝገብ ላይ ያለ ስም ሁሉ የአንድ ቤት ታሪክ ነው። ማን መቼ እንደገባ፣ ከማን ቤት ማን እንዳረፈ ከዚያ ይገኛል። ዘንድሮ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ግን ስለ ሌላ መዝገብ ነው፤ ይኸውም ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ገና ከበሩ ስንደርስ «መጀመሪያ ካርድ አውጡ» ስለምንባልበት። ብዙዎቻችን ካርዱን እንደ መግቢያ ትኬት እናየዋለን። ነገሩ እንደዛ አይደለም። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ በመጻፍና ፋይል በመፈለግ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ ማከም ጀመሩ። በ1902 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሲቆም፣ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ለየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያ የሚሆኑ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ማሠልጠን ያዘ። በትንንሽ ከተሞች ክሊኒኩን የሚይዘው ድሬሰር ነበር። ድሬሰሩ ስምህን፣ ዕድሜህንና የሰጠህን መድኃኒት በትልቅ መዝገብ በአንድ መስመር ይጽፋል። በወሩ ተመልሰህ ብትመጣ ሌላ መስመር ላይ ነህ። የአምናው ሕመምህና የዘንድሮው አይተዋወቁም።

እንደኛ ባለው ቆላ አገር መዝገብ ይዞ እስከ ደጃፍ የመጣው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1951 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ቤት ቆጥረው ዲዲቲ ይረጩ፣ ትኩሳት ካለበት ሰው ጣት ደም ወስደው ስሙን ይመዘግቡ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌ ሲቋቋም ደግሞ አቅም የሌለው ሰው የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌው እያጻፈ ይሄድ ጀመር። ታዲያ ስሙ በቀበሌው ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በካርዱ ላይ ሌላ ዓይነት የሆነ ሰው ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የደረሰበት ያውቀዋል።

የሌላውን አገር ልማድ ብናይ ትምህርት ይሆነናል። እኛ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርን ባቋቋምንበት በ1940 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር፣ እንግሊዞች ሕዝባቸው ሁሉ የሚታከምበትን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጀመሩ። እዚያ ሰው በሰፈሩ ካለ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፤ ሰፈር ቢለውጥ አዲሱ ሐኪም ዘንድ ይመዘገብና የድሮው ማኅደር ይከተለዋል። ቁም ነገሩ ሰውየው ጤነኛ ሳለ መመዝገቡ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንመዘገበው ታመን፣ ሌሊት ሰው ተሸክሞን ነው። በሽተኛው አፉ ተይዟል፤ ካርድ ክፍል የሚመልስለት ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ የሚያውቀው «የእገሌ አባት» ወይም «እማማ» የሚለውን ነው እንጂ የአያት ስም ከየት ያመጣል!

እንግዲህ ችግሩ ከስማችን ይጀምራል። አንዳንዱ የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ የሥራ ቦታ መጠሪያም አለው። ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለበት። ለምሳሌ «ኃይሉ ዓለሙ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው «ሃ» በ6 ዓይነት ፊደል ይጻፋል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ዓ» ደግሞ በ4፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። ሲባዛ አንዱ ሰው በ24 ዓይነት ሊጻፍ ነው። ቴፒ ላይ ደግሞ ሸካቾው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ፣ ቤንቹ፣ ካፊቾው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አንድ ወረፋ ይቆማል፤ በየቋንቋው ያለውን ስም ጸሐፊው ለጆሮው እንደመጣለት ይጽፈዋል። ዕድሜም ሲጠየቅ «ንጉሡ ሲወርዱ ከብት እጠብቅ ነበር» የሚል አይጠፋም።

ይህ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ሕይወት አለበት። አሮጌው ካርድ ካልተገኘ አዲስ ይወጣል፤ አዲስ ካርድ ማለት ለሐኪሙ አዲስ ሰው ማለት ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው በአሮጌው ላይ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጡ፣ ደም ግፊቱና ስኳሩ ስንት እንደነበር፣ ሁሉም እዚያ ቀርቷል። ለቡና ለቀማ ከሩቅ አገር የሚመጣው ወዛደርማ ይብሳል፤ እሱ ወዳገሩ ይመለሳል፣ ካርዱ እዚህ ይቀራል።

ስለዚህም ነው ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በየጤና ተቋሙ ለአንድ ሰው አንድ ማኅደርና አንድ የካርድ ቁጥር እንዲሆን የተደረገው። ከበሽተኛው እጅ የምትቀረው ትንሿ ካርድ ቁጥሩን የያዘች ናት። ስም ቢሳሳት ቁጥር ያገናኛል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ቤተሰቡን በሙሉ ሳይታመም አስቀድሞ የሚመዘግብ ነው። ይህ ደግሞ ለኛ ለዕድርተኞች እንግዳ ነገር አይደለም። እኛስ መዋጮ የምንከፍለው ሞት ሳይመጣ አይደለም ወይ?

በመጨረሻ የማሳስበው ይህን ነው። አንደኛ፣ የእያንዳንዳችሁን ስም እስከ አያት፣ በመታወቂያችሁ ባለው ፊደል አስጽፉ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ሁለተኛ፣ የካርድ ቁጥራችሁን በወረቀት ገልብጣችሁ ከዕድር ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ሌሊት የሚሸከማችሁ ጎረቤት ደብተሩን አንስቶ ይሮጣል። ሦስተኛ፣ የማይስማማ መድኃኒት ያለበት ሰው በዚያው ወረቀት ላይ ያስጽፍ። ከነባር ኮሚቴ አባላት አንዱ ይህን በየቤቱ ቢያስታውስ ወጪ የለውም።

የዕድራችን መዝገብ ስማችንን አንድ ቀን ይፈልገዋል፤ አይቀርም። ያ ቀን እንዲርቅ ግን ስማችን በሐኪም ቤቱ መዝገብ ላይ በደንብ ይጻፍ። ጤና ለሁላችን ይስጥልን።