ዓይንን በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ፈውስ፤ አመጣጡና ክርክሩ

ጦርነት የሚያቆስለው ሥጋን ብቻ አለመሆኑን ሐኪሞች በሚገባ የተረዱት እጅግ ዘግይተው ነው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በፊላዴልፊያ ወታደሮችን ያክሙ የነበሩት ዶክተር ጃኮብ ዳ ኮስታ፣ አንዳች ቁስል የሌለባቸው ሰዎች ልባቸው እየተርገበገበ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አይተው በ1871 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ ናቸው) ስለ ነገሩ ሲጽፉ፣ ሕማሙን ከልብ ደዌ ቈጠሩት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እንግሊዛዊው ቻርልስ ማየርስ በ1915 በመድፍ ድንጋጤ ስለ ታወኩ ወታደሮች የጻፉ ቢሆንም፣ የጦር ፍርድ ቤቱ ከዳህ፣ ፈራህ እያለ ሰዎችን በጥይት ማስደብደቡን አልተወም፤ በዚህ ፍርድ ከሞቱት 306ቱ በ2006 ምሕረት ሲደረግላቸው፣ ከመካከላቸው ለዚሁ ሕማም ሲታከም የቆየ ሰው እንደ ነበረ በይፋ የታወቀ ነገር ሆኖ ነበር። ሕማሙ በሕክምና መዝገብ ራሱን የቻለ ሥፍራ ያገኘው፣ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችና ሐኪሞቻቸው ብዙ ከተሟገቱ በኋላ፣ በ1980 ነው።

ለዚህ ሕማም መድኃኒት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ጆሴፍ ዎልፒ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሐኪም ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንፈሳቸው የታወከ ወታደሮችን ሲያክሙ የተለመደው መድኃኒት አልረዳ ቢላቸው፣ ሕሙሙን በዕረፍት አኑረው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት በሐሳቡ እንዲመለከት የሚያደርግ ሥርዓት አበጁ፤ ጭንቀትን በቍጥር የመመዘንን ልማድም ለተከታዮቻቸው ያወረሱ እርሳቸው ናቸው።

የዓይን እንቅስቃሴው ሕክምና የተወለደው ግን በካሊፎርኒያ፣ በሎስ ጋቶስ ከተማ መናፈሻ ነው። ፍራንሲን ሻፒሮ በ1948 በብሩክሊን የተወለዱ፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ እያጠኑ የቶማስ ሃርዲን ግጥም ለዶክትሬት ሲመረምሩ የነቀርሳ ሕማም ያገኛቸው ሴት ነበሩ፤ ከሕማሙም ከዳኑ በኋላ፣ የልቡና ጭንቀት በሥጋ ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ ሲሉ ግጥሙን ትተው ወደ ሥነ ልቡና ትምህርት ዞሩ። በ1987 በዚያ መናፈሻ ሲመላለሱ፣ ሲያስጨንቃቸው የነበረ ሐሳብ ድንገት ኃይሉን ማጣቱን አስተዋሉ፤ ምክንያቱን ሲመረምሩም፣ ሐሳቡ በመጣ ጊዜ ዓይናቸው ሳያዙት ግራና ቀኝ በፍጥነት ይመላለስ ኖሯል። (ለነገሩ ከራሳቸው በቀር ምስክር የለም፤ ሰው የገዛ ዓይኑን እንዲህ ያለ ፈጣን እንቅስቃሴ ሊያስተውል አይችልም ብለው የተጠራጠሩ ሊቃውንትም አልታጡም።) ወዲያው ወዳጆቻቸውንና ሌሎችን፣ በጠቅላላው ሰባ ያህል ሰዎችን ፈተኑ፤ ብዙዎቹም ዓይናቸውን በራሳቸው ፈቃድ ማመላለስ ቢከብዳቸው፣ የእርሳቸውን ጣት በዓይን እንዲከተሉ አደረጓቸው። በ1989 ያወጡት ጥናት 22 ሰዎችን ብቻ የያዘ፣ ጥቂቶቹ የቬትናም ወታደሮች፣ ሌሎቹ ተደፍረው የተጐዱ ነበሩ፤ በአንድ ቀን ሕክምና ጭንቀታቸው እጅግ ቀለለ መባሉ አንዳንዱን ሲያስደንቅ፣ ሌላውን አስቈጣ።

ሕክምናው ሲሰጥ ያየ ሰው ቀላልነቱ ይደንቀዋል። ሐኪሙ ወንበሩን ከሕሙሙ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ ይቀመጣል፤ ሁለት ጣቶቹን ከሕሙሙ ፊት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ዘርግቶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝም ወደ ግራ ሃያ ጊዜ ያህል ያመላልሳል፤ ሕሙሙም ክፉውን ትዝታ በልቡ ይዞ፣ ራሱን ሳያዞር ጣቶቹን በዓይኑ ይከተላል። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍስና አሁን ምን እንደ ታየው ይጠየቃል፤ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ሁሉን ዘርዝሮ እንዲተርክ አይገደድም። ጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ባለው ሚዛን እስኪቀል ድረስ ይህ ይደጋገማል። ነገር ግን ከስምንቱ የሕክምናው ክፍሎች ጣት የሚንቀሳቀሰው በመካከለኞቹ ነው፤ አስቀድሞ ታሪኩ ይጠየቃል፣ ልቡ ሲታወክ የሚያርፍበትንም የሰላም ሥፍራ በሐሳቡ መሥራት ይማራል።

ክርክሩ ረጅም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠልጣኞች የተማሩትን ለሌላ እንዳያስተምሩ ፈርመው ይገቡ ነበር፤ ይህ ለእኔ ከሊቅ ይልቅ ለነጋዴ የሚስማማ ሥርዓት ይመስለኛል፤ ጥርጣሬውንም አባባሰው። የሃርቫርዱ ሪቻርድ ማክናሊ በ1999 ነገሩን ከሜስመር ትምህርት ጋር አነጻጸሩት። ሜስመር በፓሪስ ሕሙማንን በማይታይ የማግኔት ፈሳሽ እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሐኪም ሲሆን፣ በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ያቋቋሙት፣ ሊቃውንቱ ፍራንክሊንና ላቮዋዚዬ የነበሩበት ጉባኤ ፈሳሽ የሚባል ነገር እንደሌለ መርምሮ፣ ለውጡን ለሕሙማኑ ምናብ ሰጥቶታል። በ2001 ደግሞ 34 ጥናቶችን የመዘነ ምርመራ፣ ሕክምናው እንደሚረዳ ቢያረጋግጥም፣ የዓይን እንቅስቃሴው የጨመረው ነገር አልታየውም። በ2013 26 ጥናቶችን የመረመሩ ሌሎች ግን እንቅስቃሴው ራሱ እንደሚጠቅም አገኙ። ምክንያቱን ከሚተረጕሙት ሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ በ1997 ከእንግሊዝ የመጣው ሙከራ ነው፤ ትዝታን በልቡና ይዞ ዓይንን የሚያመላልስ ሰው ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ስለሚሸከም፣ ለትዝታው የሚተርፈው ጕልበት ያንስና ሥዕሉ ይደበዝዛል።

ሊቃውንቱ ሲከራከሩ ሕክምናው ከአገር አገር ተሻገረ። በ1995 ኦክላሆማ ከተማ በቦምብ በተመታች ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ሐኪሞች ሄደው የተጐዱትን ረዱ። በ1997 የሜክሲኮን አካፑልኮ ፖሊና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከመታ በኋላም፣ የሕክምናው ባለሙያዎች ሉሲና አርቲጋስና ኢግናሲዮ ሃሬሮ፣ በዓይን እንቅስቃሴ ፈንታ፣ ሕፃናቱ እጆቻቸውን በደረታቸው ላይ አመሳቅለው ራሳቸውን ቀኝና ግራ እያፈራረቁ በቀስታ እንዲመቱ አስተማሩ። ይህም የቢራቢሮ እቅፍ ተባለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ይህን ሕክምና ለአዋቂዎችም ለልጆችም መከረ፤ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በ2017 የሰጠው ድጋፍ ግን ቅድመ ሁኔታ ያለው ነበር። ሻፒሮ በ2019 በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። አንባቢዎች ሆይ፣ ጣት ማመላለስ ቀላል መስሎ ከታያችሁ በወዳጃችሁ ላይ አትሞክሩት፤ ዝግጅት ሳይደረግለት የተቀሰቀሰ ትዝታ ሕሙሙን ይብስ ሊያውከው ይችላልና፣ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ሐኪም ነው።