ሐምራዊ ካናቴራና የሴትነት ሙግት

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1970 ምሽት፣ ኒው ዮርክ ቼልሲ ሰፈር በሚገኝ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ 300 ያህል ሴቶች ለሴቶች መብት ጉባኤ ተቀምጠው ሳለ መብራቱ ድርግም አለ። ማይክሮፎኑም አብሮ ዝም አለ። መብራቱ ሲመለስ 17 ሴቶች እጃቸው በነከረው ፈዛዛ ሐምራዊ ካናቴራ ተሰልፈው ታዩ፤ ደረታቸው ላይ «ሐምራዊ አደጋ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ታዳሚ መስላ የተቀመጠችው ካርላ ጄይ ብድግ ብላ ሸሚዟን ስታወልቅ ከሥሩ ያው ካናቴራ ብቅ አለ። ከባለካናቴራዎቹ አንዷ ሪታ ሜይ ብራውን ደግሞ ካናቴራዋን ማውለቅ ስትጀምር አዳራሹ ደነገጠ፤ ከሥሩ ሌላ ካናቴራ ሲያይ ግን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የመብት ታሪክ ሲወራ ይህ ምሽት እንደ ማጣፈጫ ይጠቀስና ይታለፋል። እኔ ግን ዋናው ወጥ ይኸው ነበር ባይ ነኝ።

ስያሜው የወጣው ከወዳጅ አፍ ነው። ቤቲ ፍሪዳን በ1963 ባሳተመችው መጽሐፍ የአሜሪካን የቤት እመቤት ብሶት አደባባይ አውጥታለች፤ በ1966 ብሔራዊ የሴቶች ድርጅትን ከመሠረቱትም አንዷ ናት። በ1969 በድርጅቱ ስብሰባ ላይ የሌዝቢያኖችን ነገር «ሐምራዊ አደጋ» ስትል ጠራችው። ስጋቷ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እኩል ደመወዝ ለጠየቀች ሴት ሁሉ የሚወረወረው የመጀመሪያ ስድብ «አንቺ ደግሞ ምኑን ሴት ሆንሽ» ዓይነት ስለነበር፣ ሌዝቢያኖቹ ጎልተው ከታዩ ተሳዳቢው ማስረጃ አገኘሁ ይላል ብላ ፈራች። ይሁንና ይህ ፍርሃት አንድ ነገር ሳይመረምር ተቀብሏል፤ ማን ሴት እንደሆነች የመፍረድ ሥልጣን የተሳዳቢው መሆኑን። «ኧረ እኛም እንደ እናንተው ሴቶች ነን» ብሎ ማስተባበልም ቢሆን በእሱ ሚዛን ላይ መውጣት ነው። ሌዝቢያኖቹ ስድቡን አትመው ለብሰውት ሲመጡ ግን የሚወረውረው አጣ።

ከዚያ በፊት የተሞከረው መንገድ ጨዋነት ነበር። በ1955 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዴል ማርቲንና ፊሊስ ላዮን ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር «ዶተርስ ኦፍ ቢሊቲስ» የተባለ የሌዝቢያኖች ማኅበር መሠረቱ። መነሻው ፖሊስ ከሚወርራቸው ቡና ቤቶች ርቆ ቤት ውስጥ መጫወትና መደነስ ነበር። ማኅበሩ አባላቱ ኅብረተሰቡ ለሴት የሚፈቅደውን አለባበስ እንዲለብሱ ይመክር ነበር። በ1965 ጁላይ 4 ቀን ፊላደልፊያ በነጻነት አዳራሽ ፊት በተደረገው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የመብት ሰልፍም ሴቶቹ በቀሚስ፣ ወንዶቹ በሙሉ ልብስና በከረባት እንዲወጡ ደንብ ወጣ። በዚያ ሙቀት ከረባት አጥብቆ መብት መጠየቅ፣ ሳያስቡት የተቀለደ ቀልድ ይመስላል።

እነዚህን ሰዎች ፈሪ ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 የፈረሙት ትእዛዝ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ለማባረር መሣሪያ ሆኗል። እንጀራዋ በስሟ ላይ ለተንጠለጠለ ሴት ቀሚሱ ጋሻዋ ነበር። «ላደር» የተባለው የማኅበሩ መጽሔት ከ1956 ጀምሮ የተበተኑትን ባያገናኝ፣ በ1969ም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎቹ የስቶንዎል አመፅ ባይነሳ፣ ያን ካናቴራ የሚለብስ ደፋር መገኘቱን እጠራጠራለሁ። መብት የሚገኘው በፍርድ ቤት እንጂ በሳቅ አይደለም የሚሉም አሉ። ዳኛ ፊት ለቆመ ሰው ልክ ናቸው። ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ግን ዳኞች አልነበሩም፤ የገዛ የትግል ጓዶቻቸው ናቸው። ጓድን በአንቀጽ መክሰስ ያኮርፈዋል፤ አብሮ ከሳቀ በኋላ ግን የሚሰጡትን ወረቀት ይቀበላል። ተቀብለውም አነበቡት፤ ሴቶቹ ያደሉት መግለጫ ሌዝቢያንነትን ከሴቶች ነጻነት ጋር አያይዞ የሚሞግት ነበር። ደግሞ ጨዋታ የችኩሎች ብቻ አልነበረም። ያንን የፊላደልፊያ ሰልፍ በቀሚስ የወጣችው ባርባራ ጊቲንግስ በ1971 ዳላስ ላይ በተደረገው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጉባኤ፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪን እቀፉ የሚል ድንኳን ተክላ እንግዶችን በነጻ ትጋብዝ ነበር። ተመልካቹ ብዙ፣ ደፍሮ የሚጠጋው ጥቂት ነበር።

ብሔራዊ የሴቶች ድርጅት በዚያው 1971 የሌዝቢያኖችን መብት የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፈ። ፍሪዳን ራሷም በ1977 በሂዩስተኑ ብሔራዊ የሴቶች ጉባኤ ተነስታ ድጋፏን ሰጠች። የሚዛኑ ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በ1973 ሎስ አንጀለስ በተካሄደ የሌዝቢያኖች ጉባኤ፣ ትራንስጀንደር ሴት የሆነችው ዘፋኝ ቤዝ ኤሊየት መድረክ እንዳትወጣ የጠየቁ ተሳታፊዎች ነበሩ። ማን ሴት ናት የሚለውን ፍርድ አሁን ለመያዝ የፈለጉት ትናንት የተፈረደባቸው ናቸው፤ ያውም ያለ ቀልድ። ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። አብዛኞቹ ትዝፈን አሉ፤ እሷም አጠር አድርጋ ዘፍና ሄደች።